አዲስ የታየ ኮከብ፦ የኖቫን ድምቀት መለካትና መመዝገብ



የደብረ ብርሃን ከተማ ስሟን ያገኘችው በሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን እንደ ሆነ በሰሜን ሸዋ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲነገር የኖረ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በሰማይ ብርሃን በመታየቱ ንጉሡ በዚያ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩና ቦታውም ደብረ ብርሃን እንደ ተባለ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። አንዳንዶቹም ያ ብርሃን በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን እንደማይቀር ይገምታሉ። (በዚህ ትምህርት ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልብ ብለን እንመልከት። ከ500 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ነገር ስለ ተጻፈ ዛሬ ልንነጋገርበት ችለናል። ነገር ግን የጽሑፉ ዓላማ የሰማይን ነገር ለመለካት ስላልነበረ፣ ሊቃውንት ዛሬ የሚያደርጉት ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ብርሃኑ ከየትኛው ኮከብ ጋር ይተካከል እንደ ነበር፣ በስንተኛው ሌሊት እንደ ደበዘዘ፣ ከቦታው ይንቀሳቀስ ወይም ይቆም እንደ ነበር በቁጥር ቢጻፍ ኖሮ ጥያቄው በአጭሩ ይፈታ ነበር። እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ርዕስ ይህ ነው፤ በሰማይ ላይ አዲስ ብርሃን ሲታይ ተራ ሰው እንዴት አድርጎ ለሌላው በሚጠቅም መንገድ ሊመለከተውና ሊመዘግበው ይችላል?

1. ኖቫ ምንድን ነው?

ኖቫ የሚለው ቃል የላቲን ሲሆን ትርጉሙ «አዲስ» ማለት ነው። የጥንት ሰዎች ቀድሞ ኮከብ ባልነበረበት ስፍራ ድንገት ኮከብ ሲያዩ አዲስ ኮከብ የተወለደ መስሏቸው ይህን ስም ሰጡት። ዛሬ ግን የምናውቀው ነገር ከስሙ ጋር አይስማማም። ኖቫ አዲስ ኮከብ ሳይሆን ያረጀ ኮከብ ለጥቂት ጊዜ እጅግ ሲደምቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማይ ካሉት ከዋክብት ብዙዎቹ እንደ ፀሐያችን ብቻቸውን ሳይሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርሳቸው ይዞራሉ። ከሁለቱ አንዱ ነዳጁን ጨርሶ ከሞላ ጎደል መሬትን በሚያህል መጠን ተጨማድዶ ሲቀር «ነጭ ድንክ» ይባላል። መጠኑ ትንሽ ይሁን እንጂ ክብደቱ ከፀሐይ ክብደት ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ የስበት ኃይሉ እጅግ ብርቱ ነው። ስለዚህ ከጎረቤቱ ኮከብ የሃይድሮጅን ጋዝ እየሳበ በገጹ ላይ ያከማቻል። ጋዙ በዓመታት ብዛት እየተደራረበ፣ እየታመቀና እየጋለ ይሄድና የኑክሊየር ቃጠሎ የሚያስነሣ ሙቀት ላይ ሲደርስ በድንገት ይቀጣጠላል። ውጫዊው ንብርብርም በሰከንድ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠር ኪሎሜትር ፍጥነት ወደ ውጭ ይወረወራል። ከሩቅ ሆነን የምናየው አዲስ ብርሃን ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ነጩ ድንክ ራሱ አይጠፋም። ፍንዳታው ካለፈ በኋላ እንደገና ጋዝ ማከማቸት ይጀምራል። አብዛኞቹ ኖቫዎች ዳግመኛ እስኪነሡ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያልፋሉ፤ ጥቂቶች ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስለሚደጋግሙ «ተደጋጋሚ ኖቫ» ተብለዋል። ኮከቡ ፈጽሞ የሚፈራርስበት ሱፐርኖቫ የሚባለው ክስተት ከዚህ የተለየና እጅግ የበረታ ነውና ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

ኖቫን ከሌሎች የሰማይ ብርሃናት መለየትም ያስፈልጋል። ጅራታም ኮከብ ከሌሊት ወደ ሌሊት በከዋክብት መካከል ቦታውን ይለውጣል፤ ዳር ዳሩም ጭጋግ የሸፈነው ይመስላል። ፕላኔት እንዲሁ ቀስ እያለ ይጓዛል። ሰው ሠራሽ ሳተላይት በደቂቃዎች ውስጥ ሰማዩን አቋርጦ ይጠፋል። ኖቫ ግን በተገኘበት ነጥብ ላይ ጸንቶ ይቆያል፤ የሚለወጠው ድምቀቱ ብቻ ነው።

2. ተመልካቾቹ እነማን ናቸው?

በዓለም ላይ ያሉት ታላላቅ ቴሌስኮፖች ቁጥራቸው ጥቂት፣ የጊዜ ሰሌዳቸውም አስቀድሞ የተያዘ ነው። አንድን ኮከብ በየሌሊቱ ለወራት እየተከታተሉ መቆየት አይመቻቸውም። ይህን ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ የሠሩት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ቀን በሌላ ሥራ የሚተዳደሩ የሥነ ፈለክ ወዳጆች ናቸው። ዊሊያም ታይለር ኦልኮት የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ባለሙያ በ1911 የአሜሪካ ተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበርን መሠረተ። የማኅበሩ መዝገብ ዛሬ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ከ50 ሚሊዮን በላይ ምልከታዎችን ይዟል።

ከእነዚህ ተመልካቾች መካከል የሌስሊ ፔልቲየር ሕይወት ለገጠር አንባብያን በተለይ የሚስማማ ነው። ፔልቲየር በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ ዴልፎስ በምትባል ከተማ አጠገብ በ1900 የተወለደ የገበሬ ልጅ ነበር። የመጀመሪያ ቴሌስኮፑን የገዛው በእያንዳንዱ መስፈሪያ 2 ሳንቲም እየተከፈለው 900 መስፈሪያ እንጆሪ ለቅሞ ባጠራቀመው 18 ዶላር ነው። በመጋቢት ወር 1918 የመጀመሪያውን ተለዋዋጭ ኮከብ ተመለከተ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በ1980 እስኪሞት ድረስ በየወሩ መዝገቡን ለማኅበሩ ሲልክ ኖረ። በዕድሜው ያበረከታቸው ምልከታዎች ከ130 ሺህ በላይ ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችም በዚህ ሥራ ድርሻ ነበራቸው። ዮሐን ጌኦርግ ሃገን የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከ1906 እስከ 1930 የቫቲካን የሥነ ፈለክ መመልከቻ ኃላፊ ነበሩ። እኚህ አባት ከ1899 ጀምሮ ያሳተሙት የተለዋዋጭ ከዋክብት አትላስ በእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ኮከብ ዙሪያ ያሉትን ከዋክብት ከነድምቀታቸው የሚያሳይ በመሆኑ፣ ማንኛውም ተመልካች ያለ ውድ መሣሪያ ድምቀትን በማነጻጸር እንዲለካ መንገድ ጠርጓል።

3. ድምቀት እንዴት ይለካል?

የከዋክብት ድምቀት የሚለካው «የድምቀት ደረጃ» በተባለው ሚዛን ነው። የሚዛኑ መሠረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በኖረው በግሪካዊው ሂፓርኮስ ዘመን ተጥሏል። ደማቆቹ ከዋክብት 1ኛ ደረጃ፣ በዐይን በጭንቅ የሚታዩት 6ኛ ደረጃ ተባሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከቡ ይበልጥ ይደምቃል ማለት ነው፤ ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያደናግረውም ይኸው ነው። በ1856 እንግሊዛዊው ኖርማን ፖግሰን የ5 ደረጃ ልዩነት 100 እጥፍ የድምቀት ልዩነት እንዲሆን ወሰነ። እንግዲያው የአንድ ደረጃ ልዩነት 2.5 እጥፍ ያህል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተመልካቹ ድምቀታቸው የታወቀ ሁለት ኮከቦችን ይመርጣል፤ አንዱ ከኖቫው የደመቀ፣ ሌላው ከኖቫው የደበዘዘ መሆን አለበት። ከዚያም ኖቫው በሁለቱ መካከል የት ላይ እንደሚውል ይገምታል። ምሳሌ እንውሰድ። አልፌካ የተባለው ኮከብ ደረጃው 2.2 ነው፤ በአጠገቡ ያለ ሌላ ኮከብ ደግሞ 3.7 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1.5 ይሆናል። ኖቫው ከአልፌካ ወደ ሁለተኛው ኮከብ ሲኬድ በሦስት እጅ አንዱ ላይ የሚውል መስሎ ከታየን፣ የ1.5 ሲሶ 0.5 ስለ ሆነ 2.2 ላይ እንደምረዋለን፤ የኖቫው ደረጃ 2.7 ነው ማለት ነው።

አንድ ሰው በዚህ መንገድ ሲለካ በጥቂት አሥረኛዎች ሊሳሳት ይችላል። የአንዱ ስሕተት ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ሲሆን ግን በብዙ ሰዎች ግምት ውስጥ ስሕተቱ ይጣፋል፤ እውነተኛው መሥመርም ጎልቶ ይወጣል። በቀናት ተርታ የተሳለው ይህ መሥመር «የድምቀት መሥመር» ይባላል።

ሦስት ጥንቃቄዎች ግን ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ ወደ አድማስ ዝቅ ያለ ኮከብ በአየር ብዛት ምክንያት ይደበዝዛልና ማነጻጸሪያዎቹ ከኖቫው ጋር በተቀራራቢ ከፍታ ያሉ መሆን አለባቸው። ሁለተኛ፣ ኖቫ ከቀናት በኋላ ወደ ቀይነት ሊያዘነብል ይችላል፤ ቀይ ብርሃን ላይ ዐይንን ተክሎ መቆየት ኮከቡን ከእውነተኛው ይልቅ የደመቀ ያስመስለዋል። ስለዚህ ፈጠን ፈጠን እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ማየት ይገባል። ሦስተኛ፣ ዐይን ጨለማን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ለመጻፊያ የሚያገለግለው የእጅ ባትሪም በቀይ ጨርቅ ወይም ወረቀት ቢሸፈን መልካም ነው።

4. መዝገቡ ምን አስተማረ?

ነሐሴ 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም ኦገስት 14 ቀን 2013፣ ጃፓናዊው ኮይቺ ኢታጋኪ ዶልፊን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ደረጃው 6.8 የሆነ አዲስ ብርሃን አገኘ። ወሬው በሰዓታት ውስጥ በዓለም ዳርቻ ሁሉ ተሰማ። ጃፓን ሲነጋ አውሮፓና አፍሪካ ገና በሌሊት ላይ ነበሩ፤ እነርሱም ሲነጋባቸው አሜሪካ ይቀበላል። ኮከቡን ተመልካቾች እንዲህ እየተቀባበሉ ሲከታተሉት በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 4.3 ደረጃ ደረሰና ከዚያ በኋላ መደብዘዝ ጀመረ። ይህ ክትትል ታላላቆቹ ቴሌስኮፖች መቼ ወደ ኖቫው መዞር እንዳለባቸው አመለከተ። ከወራት በኋላም ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በኖቫው ውስጥ ቤሪሊየም 7 የተባለውን ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን በ2015 አሳተሙ። ቤሪሊየም 7 በ53 ቀን ገደማ ግማሹ ወደ ሊቲየም ይለወጣል። ስለዚህ በእጅ ስልካችን ባትሪ ውስጥ ካለው ሊቲየም ቢያንስ ከፊሉ በጥንት ኖቫዎች የተሠራ መሆኑን የሚደግፍ ብርቱ ማስረጃ ተገኘ።

በዚያው ዓመት ኅዳር 23 ቀን 2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም ዲሴምበር 2 ቀን 2013፣ አውስትራሊያዊው ጆን ሲች ሴንታውረስ በተባለው የደቡብ ሰማይ ስብስብ ውስጥ ሌላ ኖቫ በካሜራ አገኘ። ይህኛው በወሩ አጋማሽ ወደ 3.3 ደረጃ ደርሶ ያለ መሣሪያ በዐይን የሚታይ ሆነ።

ኖቫዎች ሁሉ በአንድ ፍጥነት እንደማይደበዝዙም መዝገቡ ያሳያል። በ2021 ብቻ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች ታይተዋል። በመጋቢት ወር በካሲዮፔያ ውስጥ ጃፓናዊው ዩጂ ናካሙራ ያገኘው ኖቫ ከፍ ዝቅ እያለ ለወራት ደምቆ ቆየ። በሰኔ በሄርኩለስ ውስጥ የተገኘው ደግሞ ከከፍተኛው ድምቀቱ በሁለት ደረጃ ለመውረድ የፈጀበት ጊዜ አንድ ቀን ያህል ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለው ፈጣን ኖቫ አንድ ሌሊት ያመለጠው ተመልካች ዋናውን ነገር አመለጠው ማለት ነው።

5. የሰሜን ዘውድ ኮከብ

ከሁሉ ይልቅ የብዙዎችን ዐይን የሳበው «ቲ ኮሮና ቦሪያሊስ» የተባለው ተደጋጋሚ ኖቫ ነው። የሚገኘው የሰሜን ዘውድ በሚባለው የከዋክብት ቅስት አጠገብ ሲሆን አንድ ነጭ ድንክና አንድ ቀይ ግዙፍ ኮከብ በ227 ቀን ተኩል ገደማ እርስ በርሳቸው ይዞራሉ። ከእኛ ያለው ርቀት 3,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ በዚህ ዘመን ሲበራ የሚታየው ብርሃን ከኮከቡ የወጣው በንጉሥ ዳዊት ዘመን አካባቢ ነው ማለት ነው።

ይህ ኮከብ በዕረፍቱ ጊዜ ደረጃው 10 ያህል በመሆኑ ያለ ቴሌስኮፕ አይታይም። ሲነሣ ግን ወደ 2ኛ ደረጃ ይደርሳል። የ8 ደረጃ ልዩነት በፖግሰን ሚዛን 1,600 እጥፍ ገደማ ነው። በዐይን የሚታየውም አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው።

ሜይ 12 ቀን 1866 አየርላንዳዊው ጆን በርሚንግሃም በሌሊት ወደ ቤቱ ሲመለስ ይህን ኮከብ ደምቆ አየው። ከ80 ዓመት በኋላም በፌብሩዋሪ 1946 ዳግመኛ ተነሣ። የታሪክ መዛግብትን የመረመሩት አሜሪካዊው ብራድሊ ሼፈር ደግሞ በ2023 ባወጡት ጥናት፣ በ1217 በጀርመን የኡርስበርግ ገዳም አበምኔት የነበሩት ቡርካርድ በዜና መዋዕላቸው የጻፉት ብርሃን ይኸው ኮከብ እንደ ነበር ይሞግታሉ። እነሆ፣ አንድ መነኩሴ ያየውን በመጻፉ ከ800 ዓመት በኋላ የሳይንስ ማስረጃ ሆነለት።

ከ1946ቱ ፍንዳታ በፊት ኮከቡ ለአንድ ዓመት ያህል መደብዘዙን የተመልካቾች መዝገብ ያሳይ ነበር። በ2023 ተመሳሳይ መደብዘዝ በመታየቱ ፍንዳታው በ2024 ውስጥ እንደሚሆን ተተነበየ። ይሁን እንጂ ብዙ የተነገረለት የ2024 መስከረም ኮከቡ ሳይበራ አለፈ። ይህም የኮከቡ ቀን በሰው ቀጠሮ እንደማይወሰን ያስረዳል፤ ምልክቶቹ ቀኑ መቅረቡን ይናገራሉ እንጂ ሰዓቱን አይቆርጡም።

እዚህ ላይ የፔልቲየርን ገጠመኝ ማስታወስ ይገባል። ይህን ኮከብ ከ25 ዓመት በላይ በየሌሊቱ ሲጠብቅ ኖሯል። በፌብሩዋሪ 1946 አንድ ሌሊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ በማንቂያ ሰዓት ተነሣ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ነገር ግን ጉንፋን የጀመረው መስሎ ስለ ተሰማው ተመልሶ ተኛ። ኮከቡ የተነሣው በዚያው ሌሊት ነበር። ፔልቲየር በ1965 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ይህን ራሱ ሳይሸሽግ ተርኮታል። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው፤ አዝኖ አልተወም፤ ለ34 ዓመታት መመልከቱንና መመዝገቡን ቀጠለ።

6. ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ

አገራችን በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖችን ተክላለች። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም በ2004 ከተመሠረተ ጀምሮ ይህን ዕውቀት ለማስፋፋት ሲጥር ቆይቷል። ነገር ግን የአዲስ አበባ መብራት የእንጦጦን ሰማይ ስለሚያደበዝዘው፣ ተመራማሪዎች በላሊበላ አካባቢ ያሉትን ከፍተኛ ተራሮች ለተጨማሪ መመልከቻነት ሲያጠኑ ቆይተዋል። ከዚህ የምንማረው፣ ከትልልቅ ከተሞች የራቀ ጨለማና ከፍታ ለዚህ ሥራ ሀብት መሆኑን ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርሰው የመንዝ ጓሳ፣ የመሐል ሜዳና የሞላሌ አምባዎች፣ የግሼ ራቤል ገደላ ገደሎች፣ ዓለም ከተማን የከበቡት የመርሐቤቴ ሸንተረሮች ይህ ሀብት አላቸው።

ቦታው በሰሜን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ በአንጻሩ የሰሜን ዘውድ ወደ ሰማይ አናት ይቀርባል፤ የሴንታውረስም ከዋክብት በደቡብ በኩል በሚገባ ይታያሉ። የሰሜን ዘውድን ለማግኘት ትልቁ ድብ ከሚባለው ስብስብ የጅራቱን ቅስት ተከትሎ አርክቱረስ ወደተባለው ደማቅ ኮከብ መሄድ፣ ከዚያም ቬጋ ወደተባለው ደማቅ ኮከብ አቅጣጫ ማቅናት ነው። ከመንገዱ ሲሶ ገደማ ላይ ግማሽ ክብ የሠሩ ከዋክብት ይታያሉ። ከእነርሱ የደመቀው አልፌካ ነው። ኖቫው ከቅስቱ በስተምሥራቅ በኩል፣ ደረጃው 4.1 ከሆነው ኮከብ የሁለት ሙሉ ጨረቃ ስፋት ያህል ርቆ ይገኛል።

ዘውዱ በታኅሣሥ ከንጋት በፊት በሰሜን ምሥራቅ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በጥርና በየካቲት ከንጋት በፊት ከፍ ይላል፤ በግንቦት እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ሰማይ አናት ይቃረባል። በሐምሌና በነሐሴ ምሽት ቢወጣም የክረምቱ ደመና ይጋርደዋል። በመስከረምና በጥቅምት በምሽት ወደ ምዕራብ አዘንብሎ ይታያል፤ በኅዳር ከፀሐይ ጋር አብሮ ይጠልቃል። በበጋው ሌሊት ውርጩ ብርቱ ስለ ሆነ ባናና ጋቢ ደርቦ መውጣት ግድ ነው።

7. ቀንና ሰዓት፣ እውነትና ሐሰት

ለሌላ አገር ሰው የሚላክ መዝገብ ሰዓቱ በዓለም አቀፍ ሰዓት መጻፍ አለበት። ለእኛ ቀላሉ ስሌት በሀገራችን የሌሊት ሰዓት ላይ 15 መደመር፣ ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነም 24 መቀነስ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት 18 ይሆናል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 23 ይሆናል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት 25 ስለሚሆን 24 ቀንሰን 1 እንላለን።

የቀኑ ነገር ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የካቲት 14 ለ15 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የታየ ኮከብ፣ በመደበኛው ዓመት በዓለም አቀፍ ሰዓት ፌብሩዋሪ 21፣ 23 ሰዓት ነው። በዚያው ሌሊት 10 ሰዓት የታየው ግን ፌብሩዋሪ 22፣ 1 ሰዓት ይሆናል። በሁለት ሰዓት ልዩነት ቀኑ ተለወጠ። በፍጥነት በሚደበዝዝ ኖቫ የአንድ ቀን ስሕተት መላውን ምልከታ ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ከቁጥሩ በተጨማሪ «ለ15 አጥቢያ» ብሎ በሀገርኛው መጻፍ ስሕተት ቢፈጠር ለማረም ይረዳል።

በደብተሩ ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የኮከቡ ስም፣ የተገመተው ደረጃ፣ የማነጻጸሪያዎቹ ሁለት ኮከቦች ደረጃ፣ የሰማዩ ሁኔታና የጨረቃ ብርሃን፣ የተመልካቹ ስም፣ በዐይን ወይም በባይኖኩላር መታየቱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ታማኝነት ነው። ተመልካች የሌሎችን ግምት አስቀድሞ ካነበበ ዐይኑ ያነበበውን ማየት ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ያዩትን መጻፍ፣ ኋላ ማስተያየት ይገባል። የተጻፈው ቁጥር ከሌሎቹ ቢለይም መደለዝ አይገባም። ኮከቡ ካልታየም «አልታየም፤ እስከ 4.1 ደረጃ ያሉት ግን ታይተዋል» ብሎ መጻፍ ሙሉ ምልከታ ነው፤ ፍንዳታው ከዚያ ሌሊት በኋላ መሆኑን የሚያረጋግጠው እንዲህ ያለው መዝገብ ነውና። ያላየውን አየሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ራሱን ብቻ ሳይሆን በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው የሚሠሩትን ሁሉ ያሳስታል፤ የደከሙትንም የሌሎችን መዝገብ በጥርጣሬ ያስመለክታል።

የመንዝ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት፣ በአስቦና በገራ ባለርስቶች ስምምነት፣ ለዓመታት ተዘግቶ በጊዜው እየተከፈተ ሲጠበቅ ኖሯል። በ1975 የመሬት ዐዋጅ የቀድሞው ሥርዓት ቢቀርም ማኅበረሰቡ ጓሳን መልሶ በጋራ ጠብቆታል። የጋራ ሀብት የሚቆየው አንዱ በሥውር ሳያጭድ፣ ሌላውም የጥበቃ ተራውን ሳያጎድል ሲቀር ነው። የተመልካቾች መዝገብም እንዲሁ ነው፤ ማንም ለብቻው አይበላውም፤ ማንም በሐሰት ሊያበላሸው አይገባም፤ ዛሬ የሚጻፈውም ምናልባት ከሰማንያ ዓመት በኋላ ገና ላልተወለደ ተመልካች ያገለግላል።

እንግዲህ ወጣቶችን የምታስተምሩ መምህራን፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይዛችሁ ጨረቃ በሌለችበት ጥርት ባለ ሌሊት ከልጆቹ ጋር መጀመር ትችላላችሁ። ኖቫ እስኪታይ መጠበቅ አያስፈልግም። በመጀመሪያ የሰሜን ዘውድን ከዋክብት በድምቀታቸው ቅደም ተከተል ማስጻፍ በቂ ነው። መደበኛውን ሰማይ ያወቀ ሰው ብቻ ነውና አዲስ ነገር ሲታይ አዲስ መሆኑን የሚለየው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኖቫ «አዲስ» መባሉ ከእውነታው ጋር የማይስማማው ለምንድን ነው?
2. ጅራታም ኮከብን ከኖቫ በምን እንለያለን?
3. ማነጻጸሪያዎቹ 2.2 እና 3.7 ቢሆኑና ኖቫው በትክክል በመካከላቸው ቢውል ደረጃው ስንት ይሆናል?
4. ከሌሊቱ 9 ሰዓት በዓለም አቀፍ ሰዓት ስንት ነው? ቀኑስ ከዚያ በፊት ካለው ሰዓት ጋር እንዴት ይለያል?
5. «አልታየም» ብሎ መጻፍ ለምን ይጠቅማል?
6. በአካባቢያችን ሰዎች በጋራ የሚጠብቁት ሌላ ነገር ምን አለ? የሚጸናው በምን ምክንያት ነው?